ሩሌት ላይ «የተሻለ ኦድ» የት ነው ያለው?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ሳለሁ የእግር ኳስ ቲኬት ስቆርጥ ኦድ ማንበብ ለምጄ ነበር። አሁን የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሩሌት ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ሳይ 35 ለ 1፣ 17 ለ 1፣ 2 ለ 1 የሚል ነገር አለ። አንዱ ከቀይና ከጥቁር አትውጣ ይለኛል። ሌላው በአንድ ቁጥር ካልሆነ ገንዘብ የለውም ይላል። ሦስተኛው ደግሞ በተሸነፍክ ቁጥር እጥፍ አድርገህ መድብ፣ መመለሱ አይቀርም ይላል። የተሻለ ኦድ ያለው የቱ ነው?»

ምላሽ፦

ሦስቱ ባልደረቦችዎ የሚከራከሩበት ነገር ለኪስዎ ያን ያህል ለውጥ የለውም። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ውርርዶች፣ ከአንዷ በስተቀር፣ ከመደቡት 100 ዶላር ላይ በአማካይ የሚወስዱብዎት እኩል ነው። ትልቁ ልዩነት ያለው በጠረጴዛና በጠረጴዛ መካከል ነው፤ እሱን ደግሞ ከመቀመጥዎ በፊት ኳሷ የምትሽከረከርበት ባለ ቁጥሩ መንኮራኩር ላይ ያሉትን ዜሮዎች ቆጥረው መለየት ይችላሉ።

መጀመሪያ የኦዱን (ሲያሸንፉ ምን ያህል እንደሚከፈልዎት የሚናገረውን ቁጥር) አጻጻፍ እናስተካክል፣ ከእግር ኳስ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሳሳታልና። ቲኬት ላይ 2.00 የሚል ኦድ ካዩ፣ 100 ብር መድበው ቢያሸንፉ በጠቅላላ የሚከፈልዎት 200 ብር ነው፤ የመደቡት 100 ውስጡ ተቆጥሯል። ሩሌት ላይ የሚጻፈው ግን ትርፉ ብቻ ነው። «1 ለ 1» ሲል የመደቡትን ያህል ይጨመርልዎታል፣ መደቡም የእርስዎ ነው። ስለዚህ ሩሌቱ ላይ ባዩት ቁጥር ላይ አንድ ይጨምሩ፦ 1 ለ 1 ማለት 2.00፣ 2 ለ 1 ማለት 3.00፣ 17 ለ 1 ማለት 18.00፣ 35 ለ 1 ማለት 36.00 ነው።

አሁን 36.00ን ይያዙና መንኮራኩሩን ይዩ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ሦስት ዓይነት አለ። ባለ አንድ ዜሮው ከ1 እስከ 36 ያሉትን ቁጥሮችና 0ን ይዞ 37 የኳስ ማረፊያ አለው። ባለ ሁለት ዜሮው 00 ስለሚጨመርበት 38 ይሆናል፤ በብዛት የሚያገኙት ይህን ነው። ባለ ሦስት ዜሮው 39 ነው፤ ሦስተኛው ዜሮ አንዳንዴ 000 ተብሎ ይጻፋል፣ አንዳንዴም የካዚኖው ምልክት ብቻ ስለሚደረግበት ዜሮ መሆኑ አያስታውቅም። ሦስቱም ላይ ክፍያው ያው 35 ለ 1 ነው። ትክክለኛ ዋጋ ቢከፈል ኖሮ 37 ማረፊያ ያለው በ37.00፣ 38 ያለው በ38.00፣ 39 ያለው በ39.00 ይከፍል ነበር። የጎደለው የቤቱ (የካዚኖው) ድርሻ ነው፦ ከ37 አንድ፣ ማለትም 2.70 በመቶ፤ ከ38 ሁለት፣ 5.26 በመቶ፤ ከ39 ሦስት፣ 7.69 በመቶ።

ባለ አንድ ዜሮውን እ.ኤ.አ. በ1843 በጀርመኗ ባድ ሆምቡርግ ያስተዋወቁት ሁለቱ የብላን ወንድማማቾች ናቸው። ቁማርተኛውን ከሌሎች ቤቶች ለመሳብ ሲሉ አንዱን ዜሮ ቀነሱለት። ላስ ቬጋስ ውስጥ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ቬኒሺያን የተባለው ካዚኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ባለ ሦስት ዜሮውን አስገባ፣ ሌሎችም ተከተሉት። ዝቅተኛው መደብ ርካሽ በሆነበትና ቱሪስት በሚበዛበት ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዜሮ ቢያዩ አይግረምዎ። ባለ አንድ ዜሮው አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለ መደብ የሚጠየቅበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ የእግር ኳሱም ኦድ ይህንኑ ድርሻ በውስጡ ይዟል። አንድ ጨዋታ 2.10፣ 3.20፣ 3.40 ተብሎ ቢቀርብ 1ን ለእያንዳንዱ ኦድ ያካፍሉና ይደምሩ፦ 47.6፣ 31.3 እና 29.4፣ በድምሩ 108.3 በመቶ ይመጣል። ከመቶ ያለፈው ትርፍ ወደ ድርሻ ሲመነዘር ከሚመደበው ላይ 7.65 በመቶ ገደማ ነው፤ ከባለ ሦስት ዜሮው ሩሌት ጋር ልክ ለልክ ማለት ይቻላል። አምስት እንዲህ ያሉ ጨዋታዎችን በአንድ ቲኬት ካያያዙ ደግሞ ድርሻው እየተባዛ ከመደቡት አንድ ሦስተኛው አካባቢ ይደርሳል። በዚህ ሚዛን ሩሌት ርካሽ ይመስላል። ልዩነቱ ቲኬቱ እስከ ቅዳሜ ማታ ይጠብቃል፣ ኳሷ ግን በሰዓት 40 ጊዜ ያህል ትዞራለች።

ይህን በገንዘብ እንየው። በየዙሩ 15 ዶላር ከመደቡ በሰዓት 600 ዶላር አዙረዋል። ባለ አንድ ዜሮው ላይ የሰዓቱ አማካይ ወጪ 16.22 ዶላር ነው፣ ባለ ሁለት ዜሮው ላይ 31.58፣ ባለ ሦስት ዜሮው ላይ 46.15። መቶኛው የሚሰላው ይዘው ከመጡት ገንዘብ ላይ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። 200 ዶላር ይዞ የተቀመጠ ሰው ያንኑ ገንዘብ እያገኘና እያጣ በአንድ ምሽት ሁለት ሺህ ዶላር ሊያዞርበት ይችላል፣ ድርሻው የሚነሳው ከሁለት ሺው ነው። «5 በመቶ ብቻ ከሆነ 200 ዶላሬ የት ሄደ?» የሚለው ግራ መጋባት ምንጩ ይህ ነው።

የውርርዶቹ ክፍያ የሚወጣው ከአንድ ቀላል ስሌት ነው፦ 36ን ለሸፈኑት የቁጥር ብዛት ያካፍሉና አንድ ይቀንሱ። አንድ ቁጥር ላይ ብቻ፣ ቺፑን፣ ማለትም በገንዘብ ምትክ የሚመደበውን ክብ ምልክት፣ በሳጥኑ መሐል ካስቀመጡ (ስትሬይት አፕ) 35 ለ 1። በሁለት ቁጥሮች መካከል ባለው መስመር ላይ (ስፕሊት) 17 ለ 1። በሦስት ቁጥሮች ረድፍ ጫፍ፣ የውጪው መስመር ላይ (ስትሪት) 11 ለ 1። አራት ቁጥሮች የሚገናኙበት መስቀለኛ ላይ (ኮርነር) 8 ለ 1። ሁለት ረድፎች የሚገናኙበት የውጪው መስመር ላይ (ሲክስ ላይን) ስድስት ቁጥር ስለሚይዝ 5 ለ 1። እነዚህ የውስጥ ውርርዶች ናቸው። ከውጪ ያሉት ደርዘኖችና ዓምዶች 12 ቁጥር ስለሚይዙ 2 ለ 1 ይከፍላሉ። ቀይ ወይም ጥቁር፣ ተጋማሽ ወይም ጎዶሎ፣ ከ1–18 ወይም ከ19–36 ደግሞ 18 ቁጥር ስለሚይዙ 1 ለ 1 ናቸው። ዜሮዎቹ አረንጓዴ ናቸው፤ ለተጋማሽም ለጎዶሎም አይቆጠሩም፣ ከወጡ የውጪው ውርርድ ሁሉ ይበላል።

ስሌቱ የሚሰናከልባት አንዲት ቦታ አለች፣ ከላይ «ከአንዷ በስተቀር» ያልኩትም እሷን ነው። ባለ ሁለት ዜሮው ጠረጴዛ ላይ 0፣ 00፣ 1፣ 2 እና 3ን በአንድ ቺፕ የሚይዝ ውርርድ አለ፤ ቺፑ የሚቀመጠው የ0 ሳጥንና የመጀመሪያው ረድፍ በሚገናኙበት የውጪ ጥግ ላይ ነው። 36 ለ5 ሲካፈል 7.2 ነው፣ አንድ ሲቀነስ 6.2። ቤቱ ግን የሚከፍለው 6 ለ 1 ነው። በዚያች 0.2 ምክንያት ድርሻው ከ5.26 ወደ 7.89 በመቶ ያድጋል። ችግሩ ብዙ ሰው ሳያውቀው ነው የሚመድባት፦ 1፣ 2፣ 3ን በስትሪት ሊይዝ አስቦ ቺፑን ትንሽ ወደ ዜሮው ጥግ ከገፋው ውርርዱ ይቺ ይሆናል። ባለ አንድ ዜሮው ላይ ተመሳሳይዋ ቦታ 0፣ 1፣ 2፣ 3ን ትይዛለች፣ አራት ቁጥር ስለሆነች በ8 ለ 1 ትከፈላለች፣ ጉዳት የላትም።

ቀይና ጥቁሩ ቺፕ በሚቀመጥበት ሰሌዳ ላይ እኩል አልተበተኑም፤ «ስልት» የሚሸጡ ሰዎች ደግሞ ይህን ይወዱታል። መካከለኛው ዓምድ (2፣ 5፣ 8 እያለ እስከ 35) 8 ጥቁርና 4 ቀይ አለው፣ ሦስተኛው ዓምድ (ከ3 እስከ 36) 8 ቀይና 4 ጥቁር። «ቀይና መካከለኛውን ዓምድ አብረህ ያዝ፣ 26 ቁጥር ትሸፍናለህ» የሚለው ምክር የመጣው ከዚህ ነው። ባለ ሁለት ዜሮው ላይ በእያንዳንዱ 10 ዶላር መድበን እንቁጠረው። በዓምዱ ውስጥ ያሉት 4 ቀዮች ሲወጡ ሁለቱም ያሸንፋሉ፣ ትርፉ 30 ዶላር ነው። ሌሎቹ 14 ቀዮች ሲወጡ አንዱ ያሸንፋል አንዱ ይሸነፋል፣ ምንም የለም። የዓምዱ 8 ጥቁሮች ሲወጡ ትርፉ 10 ነው። የቀሩት 12ቱ (10 ጥቁርና ሁለቱ ዜሮ) ሲወጡ 20 ዶላር ይሄዳል። ሁሉም ቁጥር አንድ አንድ ጊዜ ቢወጣ ትርፉ 120 እና 80፣ በድምሩ 200 ሲሆን ኪሳራው 240 ነው። 38 ጊዜ 20 ዶላር መድበን 760 ስላዞርን፣ የጎደለው 40 ሲካፈል ያው 5.26 በመቶ ይመጣል። የፈለጉትን ያህል ውርርድ ቢደራርቡ፣ 35 ቁጥር ቢሸፍኑ እንኳ፣ ውጤቱ ይኸው ነው። እያንዳንዷ ቺፕ የየራሷን ድርሻ ትከፍላለች፣ ሲደመሩ የሚሰረዝ የለም።

ታዲያ ቀይና አንድ ቁጥር ምን ይለያቸዋል? የሚለያቸው የገንዘብዎ መዋዠቅ ነው፣ እዚህ ላይ ሁለቱም ባልደረቦችዎ በከፊል ልክ ናቸው። ባለ ሁለት ዜሮው ላይ 100 ዙር፣ በየዙሩ አንድ ዶላር የሚጫወቱ ሰዎችን እንውሰድ። ቀይ ላይ ብቻ ከሚመድቡ 100 ሰዎች 26 ወይም 27ቱ ገደማ አትርፈው ይነሳሉ፣ የከሰሩትም የሚከስሩት ባብዛኛው በአሥርና በሃያ ዶላር ነው። አንድ ቁጥር ላይ ብቻ ከሚመድቡት ግን 49ኙ አትርፈው ይነሳሉ፤ ቁጥራቸው ሦስት ጊዜ ከወጣ 108 ዶላር ስለሚመለስላቸው። በዚያው ልክ 7ቱ ቁጥራቸው አንድም ጊዜ ሳይወጣ 100 ዶላራቸውን እንዳለ ይጨርሳሉ። የሁለቱም ቡድን አማካይ ኪሳራ ግን በሰው 5.26 ዶላር ነው። ዙሩን ወደ 1,000 ካሳደጉት ቀይ ላይ ያተረፉት ከ100 ወደ 4 ወይም 5 ሰው ይወርዳሉ፣ አንድ ቁጥር ላይ ያሉት 40 ገደማ ይቀራሉ። ስለዚህ የሚፈልጉት በትንሽ ገንዘብ ረዘም ላለ ጊዜ መቀመጥ ከሆነ የውጪው ውርርድ ይስማማዎታል፤ ትርፍ ይዞ የመነሳት ዕድል ከሆነና ባዶ እጅ መሄዱ ካልከበደዎት የውስጡ።

ሦስተኛው ባልደረባዎ የሚለው እጥፍ እያደረጉ መሄድ ከሦስቱ ምክሮች በጣም አደገኛው ነው፣ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ይሠራል። ጠረጴዛው ዝቅተኛው 15፣ ከፍተኛው 1,000 ዶላር ነው እንበል። 15፣ 30፣ 60፣ 120፣ 240፣ 480፣ 960 እያሉ ይሄዳሉ። ሰባቱንም ከተሸነፉ የወጣው 1,905 ዶላር ነው፣ ስምንተኛው 1,920 መሆን ስላለበት የጠረጴዛው ጣሪያ አያስገባዎትም። በተከታታይ ሰባት ጊዜ የመሸነፍ ዕድል ባለ ሁለት ዜሮው ላይ ከ89 አንድ ያህል ነው። ከ89 ሙከራ 88ቱ የየራሳቸውን 15 ዶላር ሲያመጡ 1,320 ይሆናል፣ አንዱ 1,905 ይወስዳል። በሰዓት 40 ዙር ከተዞረ 19 ያህል ጊዜ ያሸንፋሉ፣ ስለዚህ 89 ሙከራ ለማለቅ አምስት ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ጣሪያው ባይኖርስ? የሚለወጠው ውድቀቱ የሚመጣበት ጊዜና መጠኑ ነው እንጂ፣ ከእያንዳንዱ ዶላር ላይ የሚነሳው 5.26 በመቶ አይለወጥም።

እንዲያውም ስሌቱ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። 1,500 ዶላር ይዘው 3,000 ለማድረግ ቢያስቡ፣ ሁሉንም በአንድ ዙር ቀይ ላይ መመደብ 47.4 በመቶ ዕድል አለው። በ150 በ150 ከፋፍለው እስኪያልቅ ወይም እስኪደርስ ቢጫወቱ ዕድሉ ወደ 26 በመቶ ይወርዳል። በ15 በ15 ቢሄዱ ደግሞ ከ37 ሺህ አንድ ጊዜ ገደማ ነው የሚሳካው። በቀስታ መጫወት ጥንቃቄ ይመስላል፣ ነገር ግን ገንዘቡ በዜሮዎቹ ፊት ብዙ ጊዜ እንዲመላለስ ያደርጋል። ይህን የምጽፈው 1,500 ዶላር በአንዴ ይመድቡ ለማለት አይደለም፤ «በጥቂት በጥቂቱ እያሳደግሁ እጥፍ አደርገዋለሁ» የሚለው ዕቅድ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ እንዲታይ ነው።

ከጠረጴዛው አጠገብ የቆመው ሰሌዳ የቅርብ ጊዜ ውጤቶችን ያሳያል፤ አንዳንዱ «ትኩስ» እና «ቀዝቃዛ» ቁጥሮችንም ይለያል። ካዚኖው ይህን በነፃ የሚያሳይዎት ምንም ስለማይጎዳው ነው። ነሐሴ 18 ቀን 1913 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በሞናኮው ሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ወጣ። ተጫዋቾቹ «አሁንስ ቀይ መምጣቱ አይቀርም» እያሉ ከየዙሩ በኋላ መደባቸውን ከፍ ሲያደርጉ ብዙ ገንዘብ አጡ። ሃያ ስድስቱ ጥቁር በአንድነት ከመጀመሩ በፊት ሲታሰብ ከ137 ሚሊዮን አንድ የሆነ ነገር ነው። ሃያ አምስቱ ከወጡ በኋላ ግን የሃያ ስድስተኛው ዕድል ከ37 ማረፊያ 18ቱ ነው፣ እንደ ማንኛውም ዙር። በተመሳሳይ ባለ አንድ ዜሮው ላይ አንድ ቁጥር በ37 ዙር ውስጥ ጭራሽ ያለመውጣት ዕድሉ 36 በመቶ ነው፣ ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ሁልጊዜም «ቀዝቃዛ» ቁጥር ይኖራል። መንኮራኩሩ ራሱ ጉድለት ኖሮበት ለአንድ ወገን ያደላ የነበረበት ዘመን ነበር፤ ጆሴፍ ጃገር የተባለው እንግሊዛዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ሞንቴ ካርሎ ላይ ያተረፈው የእያንዳንዱን መንኮራኩር ውጤት አስመዝግቦ የሚያደላውን በመለየት ነው። ዛሬ ያንኑ መዝገብ ካዚኖዎቹ ራሳቸው በኮምፒውተር ይይዙታል።

እውነተኛ ቅናሽ የሚገኘው ከሕጉ ነው። በአንዳንድ ባለ አንድ ዜሮ ጠረጴዛዎች ላይ «ላ ፓርታዥ» የሚባል ሕግ አለ፦ 1 ለ 1 በሚከፍሉት ውርርዶች ላይ መድበው ዜሮ ከወጣ ግማሹ ይመለስልዎታል። ይህ ድርሻውን ወደ 1.35 በመቶ ያወርደዋል። በሌላዋ የአሜሪካ የቁማር ከተማ በአትላንቲክ ሲቲ ባለ ሁለት ዜሮው ላይ ተመሳሳይ ሕግ ስላለ እዚያ ቀይና ጥቁር 2.63 በመቶ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ብቻ የመጀመሪያው ባልደረባዎ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው፣ ቀይና ጥቁር ከሌላው ውርርድ ይረክሳል። ሕጉ ከጠረጴዛው ላይ ካልተጻፈ ዲለሩን (ጨዋታውን የሚመራውን ሠራተኛ) «ዜሮ ሲወጣ ግማሹ ይመለሳል?» ብለው ይጠይቁ፤ ማንም አይስቅብዎትም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀመጡ የሚያደናግሩት ደግሞ ከስሌቱ ይልቅ ሥርዓቱ ነው። ገንዘቡን ለዲለሩ በእጅ አይስጡ፣ ጨርቁ ላይ ያስቀምጡት። የራስዎ ቀለም ያለው ቺፕ ይሰጥዎታል፣ የአንዱን ዋጋም እዚያው ይስማማሉ። ቀለሙ የሚያገለግለው በዚያ ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ ሲነሱ ለዲለሩ መልሰው በተራ የካዚኖ ቺፕ ካላስቀየሩት ገንዘብ መክፈያው ጋ አይመነዝሩልዎትም። «ዝቅተኛ 15» የሚለው የውስጥና የውጪ ውርርድ ላይ የተለያየ ትርጉም አለው፦ ውስጥ ከሆነ 15 የአንድ ዶላር ቺፕ በተለያዩ ቁጥሮች በትኖ ድምሩን 15 ማድረስ ይበቃል፣ ውጪ ከሆነ ግን ቀይ ላይ 15፣ ደርዘን ላይ ሌላ 15 እያሉ እያንዳንዱ ለየብቻው መሙላት አለበት። ጠረጴዛው ረጅም ሆኖ 0 እና 00 ካልደረሱልዎት፣ በብዙ ባለ ሁለት ዜሮ ሰሌዳዎች ላይ በሁለተኛውና በሦስተኛው ደርዘን መካከል ባለው መስመር ላይ ቺፕ ቢያስቀምጡ የ0 እና የ00 ስፕሊት ሆኖ ይቆጠራል፤ ዲለሩን አረጋግጠው ያድርጉት።

ዲለሩ እጁን ዘርግቶ ውርርድ ተዘጋ ካለ በኋላ ምንም አይንኩ። ኳሷ ካረፈች በኋላም በወጣው ቁጥር ላይ የሚቀመጠው ምልክት እስኪነሳ ድረስ ቺፕ ማንሳትም ማስቀመጥም አይቻልም። ካሸነፉ ዲለሩ ትርፉን ወደ እርስዎ ይገፋል፣ መደቡ ግን በነበረበት ቦታ ይቀራል። ምልክቱ ሲነሳ ራስዎ ካላነሱት ለሚቀጥለው ዙር እንደተመደበ ይቆጠራል፤ 35 ለ 1 አግኝቶ ትርፉን ሲቆጥር መደቡን የረሳ ሰው የሚያስታውሰው ዲለሩ ሲሰበስበው ነው።